ቢጫ የተቀባው ማሳ

ሰኞ፣ ንጋት አሥራ አንድ ተኩል። ወልድያ

መኪናው ይመጣል የተባለው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነበር፤ በሰዓቱ መጣ። ጥናቱን የሚመራው ዶክተር የመጣው አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እስኪመጣ ድረስ ከሹፌሩ ከካሳሁን ጋር ሆነን ጭነቱን ስናይ ቆየን። አሥራ ሁለት ካርቶን የታሸገ ውሃ፣ ሁለት ጥቅል ባነር፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የስም ወረቀት ከነገመዱ፣ በሦስት ቀለም የተዘጋጀ ተለጣፊ ወረቀት። አካፋ የለም። የጭቃ ጫማ የለም።

«ስለ መሬት ነው የምታጠኑት ያልከኝ?» አለ ካሳሁን።

«ስለ መሬት አጠቃቀምና ስለ ምግብ።»

«እኔ ደግሞ ሠርግ መስሎኝ ነበር።»

የሥራው ስም «ለዘላቂ የምግብ ሥርዓትና የመሬት አጠቃቀም ፖሊሲ የትብብር ጥናት» ይባላል። በአንድ ትንፋሽ ለማንበብ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ባነሩ ላይ የተባባሪዎቹ ዓርማ በተርታ ታትሟል፤ ሰባት ቆጠርኩ። ገበሬ ዓርማ ስለሌለው ባነሩ ላይ የለም።

እኔ ወልድያ ውስጥ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የኪራይ ውል እተይባለሁ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው የጻፍኩትን ካነበብኩለት በኋላ ጣቱን አስነክራለሁ። ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው፤ የቀረውን በራሴ ነው ያነበብኩት። ለዚህ ጉዞ ለአራት ቀን የተቀጠርኩት ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ነው። ከእኛ ጋር ሰላም የምትባል የካርታ ባለሙያ አለች። ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ትተኛለች፤ ስትነቃም ይቅርታ ትጠይቃለች። ደህና ሰው ናት።

ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት። ጎብዬ

መንገዱ ከወልድያ ሲወርድ አየሩ ይከብዳል። አለውሃ ድልድይ ላይ ጃኬታችንን አወለቅን። ኬላው ላይ ወታደሩ ባነሩን አስዘርግቶ ዓርማዎቹን አንድ በአንድ ካየ በኋላ «ከሰባቱ እናንተ የትኛው ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተሩ ሊያስረዳው ጀመረ። ወታደሩ ሳያስጨርስ አሳለፈን።

ጎብዬ ቁርስ። ሻይ ሃያ ብር። በረንዳው ፊት ለፊት የቲማቲም ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ ከታች ያሉት ፈርጠው ጭማቂያቸው አቧራው ላይ ይንጠባጠባል። አስተናጋጇ የማሽላ እንጀራ ፍርፍር ትኩስ አለ አለች። ዶክተሩ «ሌላስ?» አለ። ሌላ አልነበረም። ከቦርሳው የቆርቆሮ ቱና አውጥቶ በዳቦ በላ፤ እየበላ አንድ ሕዝብ በአካባቢው የሚበቅለውን ምግብ መናቁ ስለሚያመጣው መዘዝ አስረዳን። ዳቦው ከውጭ በመጣ ስንዴ የተጋገረ፣ ዓሣው ደግሞ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነበር። እኔና ካሳሁን ፍርፍሩን ከሥር ጠርገን በላን።

አጠገባችን የተቀመጠ ጥምጣም ያሰረ የቲማቲም ነጋዴ ጆሮውን ሰጥቶን ኖሯል።

«ስለ ምን ነው ጥናቱ፣ ወንድሜ?»

«ስለ ምግብ ሥርዓት» አለ ዶክተሩ።

«ጥሩ ነው። ታጥቦ መቅረብ፣ ቢስሚላህ ማለት፣ በቀኝ እጅ መብላት። ሌላ ምን ተጨመረ?»

ካሳሁን ሻዩ ትን አለው። ዶክተሩ ፈገግ ሳይል፣ ሥርዓት ማለት ከምርት እስከ ገበታ ያለው ሰንሰለት እንደሆነ ነገረው። ነጋዴው ወደ ሣጥኖቹ አገጩን ቀስሮ «እንዲያ ከሆነ ሰንሰለቱ እዚህ ተበጥሷል፤ ትናንት መኪና አጥቶ ያደረ ነው» አለ። ይህን ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት። ዶክተሩ ግን ከጉባኤው ውጭ የተነገረ ስለሆነ መረጃ አይባልም አለኝ።

ሰኞ፣ አምስት ሰዓት ተኩል። ቆቦ

ቆቦ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ነው የሚነሳው። ባጃጆች ጥላ ያለበት ላይ ተደራርበው ቆመዋል። ከቆላ የወጡ አፋሮች ግመሎቻቸውን በገበያው ዳር አንበርክከው ጨው ያራግፋሉ። ማንጎ በየጥጉ ተከምሯል።

ሆቴል ከያዝን በኋላ በማግስቱ የገበሬዎቹ ጉባኤ የሚደረግበትን አዳራሽ ለማዘጋጀት ሄድን። የጥናቱ ካርታ አንድ ግድግዳ ሞላ። የራያን ሜዳ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያሳያል። በጉድጓድ ውሃ የሚለማው አረንጓዴ፣ መንደሩ ግራጫ፣ የቀረው ሰፊው ቦታ ቢጫ። ቢጫው ምን እንደሆነ ማብራሪያው ላይ አነበብኩ፦ «ያልለማ፣ ለሌላ አገልግሎት ሊውል የሚችል መሬት»። ሌላው አገልግሎት ምን እንደሆነ ደግሞ ረቂቁ ፖሊሲ ይናገራል። ቢጫው ተከልሎ ዛፍ ይተከልበታል፤ የተረፈው ለባለሀብት ይከራያል።

«የሳተላይት ምስሉ በየትኛው ወር የተነሳ ነው?» አልኳት ሰላምን።

«የካቲት።»

«በየካቲት እዚህ ሜዳ ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም። ለዚያ ነው ቢጫ የሆነው።»

«በሐምሌስ?»

«በሐምሌ ደመና ይሸፍነዋል። ሳተላይቱ አያይም።»

ይህን ቃል በቃል ጻፍኩት። ይህ ሜዳ የሚጠጣው ደመና ሲመጣ ነው፤ ደመና ሲመጣ ደግሞ ሳተላይቱ አያይም። ስለዚህ ጥናቱ ሜዳውን የሚያውቀው በተጠማበት ወር ብቻ ነው። ለዶክተሩ ስነግረው ጥያቄው «ቴክኒካል» ስለሆነ በሚቀጥለው ዙር ይታያል አለ። የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ ብጠይቀው ገንዘቡ ሲፈቀድ ነው አለኝ።

ማክሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሆርማት

የመስክ ጉብኝት። ፕሮግራሙ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ይላል፤ እኔ በሰዓት ይዤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ ውስጥ አራቱ ለፎቶ ሄዷል።

የሆርማት ወንዝ ደረቅ ነው። ሰፊ የአሸዋና የድንጋይ መንገድ ይመስላል። መካከሉ ላይ ሃያ የሚያህል ሰው ክትር ይሠራል። ክትር የሚሉት ጎርፉን ከወንዙ ወደ እርሻ ቦይ የሚያዞር፣ በድንጋይ፣ በእሾህ ቅርንጫፍና በአፈር የሚደለደል ግድብ ነው። ሥራውን የሚመሩት አያ እንድሪስ ናቸው፤ የውሃ አባት ይሏቸዋል። ስድሳ ያለፋቸው፣ ሽርጥ ያገለደሙ፣ በትራቸውን ከመመርኮዝ ይልቅ ለመጠቆም የሚይዙ ሰው ናቸው።

«እንዴት አደሩ አባቴ?» አለ ዶክተሩ። «ውሃው የታለ?»

«አልሀምዱሊላህ። ውሃው ገና ተራራው ላይ ነው።» በበትራቸው ምዕራቡን ጠቆሙ።

«ተራራው ላይም እኮ ደመና አላይም።»

«ገና ጠዋት ነው፣ ዶክተር።»

ድንጋይ ተቀባብለው ከሚያመጡት አንዷ ዘሀራ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን በአንድ ማሳ ታሳድጋለች። ማሳዋ ከታችኛው ቦይ ጫፍ ነው። እኔ የካርታውን ትንሽ ቅጂ ይዤ ስለነበር ድንጋዩን አስቀምጣ መጣች።

«የኔን እዚህ ላይ ታገኘዋለህ?»

«በየት በኩል ነው?»

«ከመስጊዱ ወደ ፀሐይ መውጫ። ሦስት ቁርቁራ ዛፍ አለ፤ ከእሱ አለፍ ብሎ።»

መስጊዱን አገኘሁ። ዛፎቹን አገኘሁ፤ ሦስት ነጥብ ናቸው። ማሳዋ ቢጫ ነው።

«ቢጫ ምንድን ነው?»

አነበብኩላት። ያልለማ፤ ለሌላ አገልግሎት ሊውል የሚችል። ቀጥሎ ረቂቁ የሚለውን ነገርኳት።

እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ሁለት ጊዜ ያሳረስኩትን? ጤፍ ልዘራበት ውሃ ብቻ ነው የምጠብቀው። ኧረ ተው፣ ወንድሜ።» ዘወር ብላ «አያ እንድሪስ፣ መሬትሽ ባዶ ነው ተባልኩ» አለች።

«ባዶ ከሆነማ ድንጋይ ማጋዙን ተዪው፤ አረፍሽ» አሏት። ሁሉም ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

አያ እንድሪስ ደንቡን አስረዱኝ። ባለፈው ሳምንት የወረደውን ጎርፍ የላይኛው ቦይ ጠጥቷል። የሚመጣው የታችኛው ነው፤ የዘሀራ ማሳ የሚጠጣው ያን ጊዜ ነው። ግን ጎርፉ ሲደርስ ክትሩ ላይ ያልተገኘ ሰው ተራው ያልፈዋል። ከለቅሶ በቀር ምክንያት አይሰማም። ተራው ዞሮ እስኪመለስ ደግሞ ሐምሌ ያልቃል፤ ሐምሌ ካለቀ ጤፍ መዝራት የለም።

«ጎርፉ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

«ከዙሁር ሶላት፣ ከቀትር በኋላ ነው ሁልጊዜ። ደጋው የሚዘንበው ያኔ ነው።»

ጉባኤው የተጠራው ለስምንት ሰዓት ነው፤ ከዙሁር በኋላ። ወደ መኪናው ስንመለስ ይህን ለዶክተሩ ነገርኩት፤ ጠዋት እንዲሆን ለመንኩት። ጠዋት የመስክ ጉብኝት ነው አለኝ። የመስክ ጉብኝቱ አልቋል አልኩት። ፕሮግራሙ በሰባቱም ተባባሪዎች ጸድቋል አለ።

«ጎርፉ ተባባሪ ስላልሆነ ነው» አለ ካሳሁን፣ ሞተሩን እያስነሳ።

ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት። አዳራሹ

ሃያ ሦስት ሰው መጣ። በር ላይ የማኅተም ቀለም ይዤ ቆምኩ። ዶክተሩ የሰጠኝ ወረቀት ከላይ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሁለት መስመሮች፣ ከሥሩ የስምና የፊርማ ሰንጠረዥ ነበረው። የመገኘት ፊርማ ነው ብሎኛል። ሰልፉ ረዝሞ ነበር፤ ሙቀቱም ከባድ ነበር። ስም እየጻፍኩ ጣት አስነከርኩ። ሱቄ ውስጥ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ከላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች አላነበብኳቸውም።

ለእያንዳንዱ ሰው ታሽጎ የመጣ ውሃ፣ አንገቱ ላይ ስሙ፣ እጁ ላይ አንድ አረንጓዴ ተለጣፊ ተሰጠ። ተለጣፊውን «ለወደፊቱ ትልቅ ተስፋ አለው» በሚለው ቦታ ላይ በካርታው እንዲለጥፍ ነው። ሰዉ እየተግደረደረ አንዱ መስጊዱ ላይ፣ አንዱ ገበያው ላይ ለጠፈ። አያ እንድሪስ ካርታውን በበትራቸው ከዳር እስከ ዳር ተከተሉት።

«ተራራው የታለ?»

«ካርታው የሚሸፍነው ሜዳውን ነው፣ አባቴ።»

«ውሃው ከተራራው ነው እኮ የሚመጣው።»

«እሱ ሌላ ወረዳ ነው።»

አያ እንድሪስ ካርታው ከሚያልቅበት በስተ ምዕራብ አንድ ክንድ ራቅ ብለው ተለጣፊውን ባዶው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ነቀለውና ካርታው መካከል፣ የሰው ጓሮ ላይ ለጠፈላቸው።

ከዚያ ፕሮጀክተሩ ተከፈተ። በቀስቶች የተያያዙ ክቦች ታዩ። ዶክተሩ ስለ ስቴክሆልደር፣ ስለ ላንድስኬፕ፣ ስለ ቫሊዴሽን ተናገረ። ዘሀራ እጇን አውጥታ ቢጫው ለምን ቢጫ እንደሆነ ጠየቀች። ጥያቄ በመጨረሻ ላይ ነው ተባለች።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ በመስኮቱ በኩል ምዕራቡ ጠቁሮ ነበር። መጀመሪያ የተነሳችው ዘሀራ ናት። ከዚያ ሁሉም። አያ እንድሪስ በሩ ላይ ዘወር ብለው «ይቅርታ አድርጉልን ዶክተር፣ ውሃ ጠራን» አሉ። ከሁለት ደቂቃ በታች አዳራሹ ባዶ ሆነ። ወንበሮቹ ላይ የስም ወረቀቶች ከነገመዳቸው ቀሩ።

«አየህ?» አለኝ ዶክተሩ። «የአርሶ አደሩ ችግር ይኼ ነው። ስለ ረጅም ጊዜ ሲወራ አይቀመጥም።»

ተከትያቸው እንድሄድ ፈቃድ ጠየቅኩት። ጉባኤው አልተዘጋም፤ ጸሐፊ አይወጣም አለኝ። አዳራሹ ውስጥ እሱ፣ ሰላምና ፕሮጀክተሩ ነበሩ። ደብተሬን ይዤ ወጣሁና ባጃጅ ያዝኩ።

ማክሰኞ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ። ክትሩ

ቆቦ ላይ ጠብታ አልወረደም። ወንዙ እንደ ጠዋቱ ደረቅ ነው። ሰዎቹ በክትሩ ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ ቅርንጫፍ የያዘ፣ አካፋ የያዘ፣ ድንጋይ ያቀፈ። ሁሉም ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ መታጠፊያ ያያል።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፤ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ እንደሚያሰማው ያለ። ከዚያ ከላይ ከመታጠፊያው ቡናማ ውሃ ከፊቱ አረፋ፣ ግንድና የሞተ ፍየል እየገፋ መጣ። የመጀመሪያው ሞገድ ክትሩን ዘለለው። «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ዝጉ» ይላሉ አያ እንድሪስ፤ ድምፃቸው የሚያስተምር እንጂ የሚጮህ ሰው አይመስልም። አንድ ጥግ ተበሳ። ዘሀራና ሌሎች አራት ሰዎች እሾሁን በእቅፋቸው ይዘው ቀዳዳው ውስጥ ገቡ። ውሃው ወገባቸው ድረስ ነው። እኔም ደብተሬን ባጃጁ ውስጥ ጥዬ ድንጋይ አቀበልኩ። አንድ ጫማዬን ጎርፉ ወሰደው።

አሥር ደቂቃ ያህል ማን እንደሚያሸንፍ አይታወቅም ነበር። ከዚያ ውሃው ወደ ቦዩ ታጠፈ።

ቦዩን ተከትለን ስንወርድ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዘሀራ በማሳዋ አፍ ላይ አፈሩን በአካፋ ከፈተችው። ውሃው ገብቶ በስንጥቁ ውስጥ ጠፋ። ሲገባ ሲጠፋ፣ ሲገባ ሲጠፋ ቆየ። ስንጥቁ ጠጥቶ ሲጨርስ ነው ከላይ መታየት የጀመረው። በትር ተክዬ ለካሁ፤ ከቁርጭምጭሚቴ አራት ጣት በላይ።

«ለጤፍ ይበቃል?» አልኳት።

«ይተርፋል፣ ኢንሻአላህ። ሐሙስ እዘራለሁ።» ክንዷ በእሾህ ተቧጥሮ ይደማል። «ጓደኛህ ግን ለጥያቄዬ መልስ አልሰጠኝም።»

ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት። ወደ ዋጃ

ዶክተሩ ከፊት ወንበር ሆኖ መደምደሚያውን ያጽፈኛል። ዋጃ ከመድረሳችን በፊት የዋጃን ግኝት ጨረስን። ዋጃ መኪናውን ያቆምነው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ ባነሩ በሁለት ግንድ መካከል ተወጠረ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ሐብሐብ ተገዛ። የመንገድ ዳር ሱቆች፣ ሙቀት፣ ከአላማጣ የሚመጡ ሚኒባሶች። ስለ ዋጃ ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ስላላየሁት።

ስንመለስ ስለ ቆቦ እንዲህ አጻፈኝ፦ «ተሳታፊዎቹ በመሬት አጠቃቀም ካርታው ላይ በሰፊው ተወያይተው በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል።»

እጄን አቆምኩ። «አልተስማሙም። ተነስተው ወጡ።»

«ፈርመዋል እኮ።»

«መገኘታቸውን ነው የፈረሙት።»

ወረቀቱን ከፋይሉ አውጥቶ ወደ ኋላ ሰጠኝ። ያኔ ሁለቱን መስመሮች አነበብኳቸው። ከዚህ በታች የፈረምነው ካርታው ተብራርቶልን፣ ይዘቱንና ምክረ ሐሳቡን ተቀብለናል ይላል። ከሥሩ ሃያ ሦስት ጣት፤ ሁሉንም እኔ ነኝ ያስነከርኩት። የዘሀራ አሥራ ዘጠነኛ ነው፤ አውራ ጣቷ መካከሉ ላይ ጠባሳ አለው።

ሁለቱን መስመሮች ደብተሬ ላይ ገልብጬ ወረቀቱን መለስኩለት። ሰላም በመስኮት ታያለች። ሐፍረቱ የዶክተሩ ብቻ አለመሆኑን ለመጻፍ ነው ይህን መስመር የጨመርኩት።

ረቡዕ፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ቆቦ፣ ሻይ ቤት

አያ እንድሪስን ገበያው አጠገብ ሻይ ቤት አገኘኋቸው። ቁጭ ብዬ፣ መጀመሪያ ማንበብ ሲገባኝ እንዳላነበብኩ ነገርኳቸው። ከዚያ ሁለቱን መስመሮችና የዶክተሩን ቃለ ጉባኤ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ስኳሩን እያማሰሉ ሰሙኝ።

«እኔ ጣቴን የሰጠሁት መጣሁ ለማለት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አንተ እያወቅክ ነው ያስነከርከኝ?»

«አላወቅኩም። ግን ሥራዬ ማወቅ ነበር።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ። «ያ ወረቀት ባይኖረውስ ምን ይሆናል?»

ተባባሪዎቹ የሚቀበሉት የቀለም ፊርማ ያለበትን ዋናውን ብቻ እንደሆነ፣ እሱ ከሌለ ጉባኤው እንዳልተደረገ እንደሚቆጠር፣ ይህንንም ዶክተሩ ራሱ በስልክ ሲናገር እንደሰማሁ ነገርኳቸው። ሻያቸውን እስከ ጭላጩ ጠጡት።

«አብሽር፣ አይዞህ። ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት?»

ሐሙስ፣ አንድ ሰዓት። የሆቴሉ በር

ሃያ ሁለት ሰው በሆቴሉ አጥር ሥር ተቀምጧል። ካሳሁን መኪናውን ሊያወጣ ሲል በሩ ፊት ያለው ሰው አልተነሳም። አልተቆጣምም። ካሳሁን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና አብሯቸው ተቀመጠ።

ዶክተሩ ሻንጣውን እየጎተተ መጣ። አያ እንድሪስ ሰላምታ ሰጥተው ቤተሰቡን ጠየቁት፤ ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኛ ዘንድ ሰው ሳያውቅ የሰጠውን ቃል ማንሳት ይችላል። የሚያነሳው ግን በተቀበለው ሰው ፊት ነው። ከኋላ አይታማም። ጣታችንን ልትመልስልን መጣን።»

«አባቴ፣ ጣት እንዴት ይመለሳል?»

«ወረቀቱን አምጣው፤ በላዩ ላይ ደግመን እንነክራለን። ሲደራረብ ይጠፋል።»

ዶክተሩ ፊቱን ወደኔ አዞረ። «ማነው ያነበበላቸው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ለፈረመ ሰው ማንበብ የሙያዬ ነው።»

ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። ለሃያ ደቂቃ ሲመላለስ በአጥሩ ይታያል። ሲመለስ ሐሳቡ ተለውጦ ነበር። ተባባሪዎቹ የአካባቢውን እውቀት ከፍ አድርገው እንደሚያዩት፣ እሱም ከመጀመሪያው ቢጫው ትንሽ አጠራጥሮት እንደነበር ተናገረ። ይህን ሲል ማንም ሳቅ አላለም፤ የቆቦ ሰው ጨዋ ነው።

እውነቱን ለመመዝገብ ያህል፦ ጥናቱን ያረመው ጎርፉ አይደለም። የየካቲቱ ምስልም አይደለም፤ ሁለት ጊዜ የታረሰው መሬትም አይደለም። ያረመው የፊርማ ወረቀት እንዳይበላሽ መፈራቱ ነው።

ሰላም በረንዳው ላይ ላፕቶፗን ከፈተች። ከታችኛውና ከላይኛው ቦይ ሥር ያለውን ቢጫ አያ እንድሪስ በበትራቸው ጫፍ እያሳዩዋት ወደ ሰማያዊ ቀየረችው። ስክሪኑን እንዳይነኩባት ግን ሁለት ጊዜ ለመነቻቸው። ማብራሪያው ላይ «በጎርፍ ጠለፋ የሚታረስ ማሳ» ብላ ጻፈች። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። እኔ አዲስ ቃለ ጉባኤ በአማርኛ ጻፍኩ፣ የፊተኛው ስምምነት ተነስቷል ብዬ። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ «አርሶ አደሮቹ ጠየቁ» የሚለውን አልወደዱትም፤ «አሉ» አድርገው አሉኝ። አደረግኩት። ሃያ ሁለት ጣት ተነከረ።

«ጨርሰናል» አለ ዶክተሩ።

«አንድ ይቀራል» አልኩት። «በፊተኛው ላይ የፈረመ ሁሉ በዚህኛውም መፈረም አለበት፤ የእናንተው መመሪያ ነው። ዘሀራ የለችም።»

«አስጠሯት።»

«ዛሬ ትዘራለች» አሉ አያ እንድሪስ። «የምትዘራ ሰው አትጠራም። ይኬድላታል እንጂ።»

ሐሙስ፣ አራት ሰዓት። የመልስ መንገድ

ካሳሁን መኪናውን መስጊዱ አጠገብ አቆመው፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። ዶክተሩ አዲሱን ወረቀት በፕላስቲክ አድርጎ፣ የማኅተሙን ቀለም በሌላ እጁ ይዞ ከፊት ሄደ። እኔ በአንድ ጫማና በአንድ የሆቴል ነጠላ ጫማ ተከተልኩት።

የዘሀራ ወንድም በሬዎቹን ፈትቶ ቁርቁራው ሥር ተቀምጧል። ማሳው ጥቁር፣ ለስላሳና እርጥብ ነው። ዘሀራ የዘር ሳፋዋን በግራ ክንዷ አቅፋ፣ በቀኝ እጇ ጣቶች እየቆነጠረች ትበትናለች፤ አንድ እርምጃ፣ አንድ ብተና። ዶክተሩ ዳር ቆሞ ጠራት። እጇን ከፍ አድርጋ ጠብቅ አለችው። እሱ ግን ሰዓቱን አይቶ ገባ። አሥር እርምጃ ያህል ተራምዶ መካከል ደረሰና ወረቀቱን ዘረጋላት።

ዘሀራ አላየችውም። ያየችው ጫማውን ነው።

«ዶክተር፣ የቆሙበት ተዘርቷል።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ጭቃ ብቻ ነው። የጤፍ ዘር ጭቃ ላይ ሲወድቅ በዓይን አይለይም።

«ምንም አይታይም እኮ» አለ።

«አይታይም» አለችው። «በመጡበት ዱካ ላይ እየረገጡ ይውጡና ዳር ይጠብቁኝ። ይቺን ጥግ ልጨርስ።»

ዶክተሩ ዞረ። ወረቀቱን በአንድ እጁ፣ ቀለሙን በሌላ እጁ ከፍ አድርጎ፣ ጫማውን በገዛ ዱካው ውስጥ አንድ በአንድ እያስቀመጠ ተመለሰ። አሥሩንም አልሳተ። ከዳር ደርሶ ቆመ፤ ዘሀራም ወደ ብተናዋ ተመለሰች።